ዜሮ የማይሆነው ቁጥር

በዚያ ዘመን ሰው ሲወለድ ከደሙ የሚነበብ ቁጥር ይሰጠው ነበር። ወላጆቹ ያንን ቁጥር በራሱና በሙሉ ቁጥሮች እያባዙ፣ እየደመሩና እየቀነሱ ዜሮ ላይ ካደረሱት ልጁ ቤተኛ ይባላል፤ ካልሆነ እንግዳ ነው። በዜሮ ማባዛትም ሆነ ቁጥሩን ከራሱ ላይ መቀነስ ግን ክልክል ነበር።

ውዳላት አድጋ፣ የሒሳብ መምህርት ሆናም በአባቷ ቤት እንግዳ ነበረች። ስለዚህ ከእራት በፊት አባቷ ዘርጋው ጎንበስ ብሎ እጇን ያስታጥባታል።

«ተው አባዬ፣ ነውር ነው። እኔ ላስታጥብህ።»

«እንግዳ ዝም ብሎ ይታጠባል» አለ እየሳቀ። «ደግሞ ዛሬ ልደርስ ነበር። የቀረኝ ከፀጉር የቀጠነ ነው።»

«ያቺ ፀጉርህ ደግሞ ከዓመት ዓመት አትበጠስም!» አለች እናቷ አስካለ ከወጥ ቤት።

ውዳላት አልሳቀችም። ቁጥሯ በየትኛውም ቀመር ዜሮ እንደማይሆን ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ አረጋግጣለች። እንደ ፓይ ያለ ቁጥር ነው፤ የፈለጉትን ያህል ወደ ዜሮ ያቀርቡታል እንጂ አያደርሱትም። ብትናገር አባቷ ከልፋቱ ያርፋል፤ እሷ ግን ቤቱን ለቃ ትወጣለች። ሕጉ እንግዳን የሚታገሠው ፍለጋው እስከቀጠለ ድረስ ብቻ ነው።

ዘርጋው ፎጣውን እያቀበላት ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የተማርሽው አንቺ ነሽ። እውነቱን ንገሪኝ፤ መልሱ አለ ወይስ የለም?»

ጣቶቿን አንድ በአንድ አደረቀች።

«ቀመሩን ትንሽ አስረዝመህ ሞክረው» አለችው።

ፊቱ በራ። እራቱን ሳይቀምስ ወደ ሒሳቡ ሮጠ።

አስካለ ወጡን ይዛ ስትገባ ባዶውን ወንበር አየች። «ደግሞ ምን ብለሽው ነው?»

«ቀርበሃል አልኩት» አለች ውዳላት።