ስሟ ያልተጻፈበት መስመር

ልጅ ሳለ ፊልም ላይ ሲተውን፣ አዘጋጁ ከመጋረጃው ጀርባ እናቱን «እንዲህ በዪው፤ ወዲያው ያለቅሳል» ሲላት ሰምቶ ነበር። የእናቱን መልስ ግን አያስታውስም። ጥቂት ቆይቶ አባቱ እንደሞተ ተነገረው። አባቱ ግን ያን ቀን ደህና ነበር፤ ሮቢት ከተማ ዳር ማሽላ ያጭድ ነበር። በዚያ ለቅሶ ስም ወጣለት፤ ፀጉሩ ሸብቶም እንኳ የቆቦ ባጃጅ ነጂዎች «አንተ አልቃሻው!» ይሉታል።

አሁን ደራሲ ልሁን ብሎ የጻፈውን የሕይወት ታሪኩን ለእናቱ እያነበበላት ነበር። «አንድ ሰው መጥቶ አባትህ ሞተ አለኝ» የሚለው ላይ ሲደርስ፣ ማሽላ የሚለቅመው እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ።

«አንድ ሰው ማነው?»

«ተይው እማ፣ እኔም ደክሞኛል።»

«እናቴ ናት ብለህ ጻፍ። ለንስሐ አባቴ ከነገርኳቸው ቆይቷል፤ የቀረኝ ለአንተ መንገር ነው።»

እስክሪብቶውን አንሥቶ «አንድ ሰው» የሚለውን ሰረዘው። «እሺ፣ እጽፈዋለሁ» አላት።