የኤጄታ ምሳ

«ክፈቺው» ይላል የጣቢያው በር ላይ ያለው ፖሊስ። አዴ ቦጋለች ፌስታሉን ፈትተው የምሳ ዕቃውን ክዳን ያነሳሉ። ሽሮ ነው። ከኋላችን ሰልፉ ረጅም ነው፤ ሁሉም ምሳ ዕቃ ይዟል።

የመጣሁት ለአንድ ዓረፍተ ነገር ነው። «የተናገረው ከመማሪያ መጽሐፍ ነው፤ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።» በቃ። ባጃጅ ውስጥ ስለማመደው ነበር።

ኤጄታ የሳቸው ልጅ ነው፣ የኔ ተማሪ። እሁድ ፖሊሶች እሱ ያለበትን ባጃጅ አስቁመው የተሳፈሩትን ሁሉ ወሰዷቸው። ሌሎቹን ማታውኑ ለቀቁ። እሱ ግን አፉን ከፈተ፦ ለምን እንደተያዝኩ ንገሩኝ፣ በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት አቅርቡኝ፣ ሕገ መንግሥቱ ነው የሚለው። ቃል በቃል። ሲቪክስ ክፍለ ጊዜ ላይ አስቁሜ ያስባልኩት ነው። አንዲት ቃል ከዘለለ «ከመጀመሪያው!» እለው ነበር።

ዛሬ ሐሙስ ነው።

«ማን አስተማረህ እያሉ ነው አሉ» ብለው ነው አዴ ቦጋለች ጠዋት ቤቴ የመጡት። «አንቺ ንገሪያቸው። እኔንማ ማን ይሰማኛል?»

መጽሐፉ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ሽፋኑ ላይ የትምህርት ሚኒስቴር ስም አለ፤ ውስጡ አንቀጽ አሥራ ዘጠኝ፣ በቀይ ያሰመርኩበት።

«እሷስ ማናት?» ፖሊሱ በአገጩ ወደ እኔ።

«ባርሲስቱ ኢሳቲ» ይላሉ አዴ ቦጋለች በኦሮምኛ፤ ቶሎ ብለው ወደ አማርኛ ይመልሱታል። «አስተማሪው ናት።»

«የምን?»

ይኸው። የተለማመድኩለት ሰዓት።

«የሒሳብ» እላለሁ።

ፖሊሱ ይስቃል። «ጎሽ! ልጁም ሥራው ሰዓት መቁጠር ነው። አርባ ስምንት፣ አርባ ስምንት! ማን ነገረህ ሲሉት ግን ጭጭ። ቢገድሉትም አይናገርም።»

አዴ ቦጋለች ዞር ብለው ያዩኛል። ያውቃሉ። የወላጆች ቀን የሲቪክስ ፈተናውን አንስቼ «ልጅዎ አንደኛ ነው» ያልኳቸው እኔ ነኝ። አሁን ይናገራሉ ብዬ እጠብቃለሁ። ቢናገሩ ይሻለኛል።

«አዎ፣ የሒሳብ ናት» ይላሉ።

«በይ ቅመሺና ይግባ።»

ያመጣው ሰው ሳይቀምሰው ምግብ ወደ እስረኛ አያልፍም። ቆረስ አድርገው ይቀምሳሉ።

«አስተማሪዋም ትቅመስ። አብራሽ አይደል የመጣችው?»

እጄን ስዘረጋ ይቀድሙኛል። ከልጃቸው ምሳ ላይ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው አፌ ድረስ ያመጡልኛል፣ ቤታቸው በእንግድነት እንደሄድኩ ሁሉ። «እንኪ፣ ልጄ። አይዞሽ።»

እጎርሳለሁ።

«እስቲ ቲቸር» ይላል ፖሊሱ ክዳኑን እየገጠመ፣ «ሒሳብ ካልሽ አይቀር፣ ከእሁድ እስከ ሐሙስ ስንት ሰዓት ነው?»

ሰልፉ ውስጥ አንድ ሰው ይስቃል፣ ወዲያው ያቆማል።

አፌ ሙሉ ነው። አኝካለሁ፣ አኝካለሁ፤ አይወርድም። አዴ ቦጋለች የነጠላቸውን ጫፍ ይዘው አገጬ ላይ የፈሰሰውን ሽሮ ይጠርጉልኛል።