የላጤዎች ሰዓት

እሑድ ከሰዓት የድሮ ዘፈኖችን የምታሰማው የሬዲዮ አዘጋጅ የዛሬውን ፕሮግራሟን ለላጤዎች ሰጥታዋለች።

«ሳታገቡ ደስ ብሏችሁ የምትኖሩ ሁሉ፣ ደውሉልኝ! እኔም ከእናንተው ወገን ነኝ» አለች።

ብዙዎች ደውለው እየሳቁ ዘፈን መረጡ። አንደኛው ደዋይ ግን ዘፈን አልመረጡም።

«ልጄ፣ ስልክሽ ዝግ ሆኖብኝ እኮ ነው በዚህ የደወልኩት።»

አባቷ ናቸው።

«አባባ፣ አየር ላይ ነን…»

«ይሁና! የደስታ ወሬ ምን ያስደብቃል? ጠዋት ሽማግሌዎች መጥተው ጠየቁሽ፤ እኛም እሺ ብለናል። ቀኑንም ለዳግማይ ትንሣኤ ቆርጠናል።»

ከመስታወቱ ማዶ ለተቀመጠው ቴክኒሻን መስመሩን እንዲቆርጠው በእጇ ምልክት ሰጠችው። እሱ አንገቱን ደፍቶ ቁልፎቹን ይነካካል፤ ቀና ብሎ አላያትም።

«አባባ፣ እኔ የማውቀው ሰው የለም። ማን ነው የላካቸው?»

«ኤዲያ! አሁን ደግሞ ልታፍሪ ነው? ስልኩን አንስቶ ካንቺ ያገናኘኝ ልጅ ነዋ! አብራችሁ አይደል የምትሠሩት? ተነጋግረን ጨርሰናል ብሎ የለም እንዴ!»

«ኧረ እኔ አንድም ቀን…»

የማይክሮፎኗ ቀይ መብራት ጠፋ። ቴክኒሻኑ አንገቱን እንደደፋ አንድ የድሮ የሠርግ ዘፈን ለቀቀ። በጆሮ ማዳመጫዋ ውስጥ አባቷ ዘፈኑን ተከትለው ሲያጨበጭቡ ይሰማታል።