በአራጁ ሚስት ላይ የታዩ የሕይወት ምልክቶች

ሻይ አዛችሁ ከሆነ ሳይቀዘቅዝ የሚያልቅ ታሪክ ነው። ግን ሻዩን ትረሱታላችሁ ብዬ እወራረዳለሁ።

ሰውየው ጢሙ ሳያቆጠቁጥ ቄራ የገባ አራጅ ነው። ቢላው ከእጁ፣ ቁጣው ከአፍንጫው አይርቅም። አንድ ልጅ ነበረው። ልጁ ጎረምሶች ሲጣሉ ሊገላግል ገብቶ ጭንቅላቱን በድንጋይ ተመታ፤ ሐኪም ቤት ወስደው መተንፈሻ መሣሪያ ላይ አደረጉት።

አራጁ አልጋው አጠገብ መቆም አልቻለም። ወጣና ድንጋይ የወረወረውን ፈልጎ አገኘው። መንጋጋውን ሰበረው፤ ከወደቀ በኋላም በቦት ጫማው ጎኑን ረገጠው። ፖሊሶች ለአራት ሆነው አላቀቁት። ልጁ ሲሞት አባት እስር ቤት ነበር። እናት ብቻዋን አስታማ ብቻዋን ቀበረች።

ልትጠይቀው ስትመጣ አንድ ቀን፣ «ዶክተሮቹ ያን ዕለት…» ብላ ጀመረች።

«የዶክተር ስም እንዳታነሺብኝ! ልጄን የበሉ!» ብሎ ፍርግርጉን በቡጢ መታው። ከጣቶቹ ደም ተንጠባጠበ። ዳግመኛ አላነሳችም።

እዚህ ላይ ትንሽ ላስረዳ። ሕይወት ያለው ነገር ይንቀሳቀሳል፣ ይተነፍሳል፣ ይመገባል፣ ቆሻሻውን ያስወግዳል፣ ያድጋል፣ ይራባል፣ ሲነኩትም መልስ ይሰጣል። መኪና ይንቀሳቀሳል፣ ነዳጅ ይጠጣል፣ ጭስ ያስወጣል፤ ወልዶ ግን አያውቅም። ድንጋይ ደግሞ አንዱም የለውም። አራጁ ሲፈታ ቤቱ ያገኛት ሴት ከድንጋዩ ወገን ነበረች። ቢጠሯት አትሰማም፤ ቢያጎርሷት አትውጥም።

ከዚያ፣ ቀስ በቀስ፣ ነፍስ ዘራች። ፀጉሯን መታጠብ ጀመረች። ወጥ ስታማስል ታንጎራጉራለች። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ «ገበያ ደርሼ ልምጣ» ብላ ዘንቢሏን ታነሳለች፤ ስትመለስ ጉንጯ ቀልቷል፣ ዘንቢሉ ባዶ ነው። አራጁ መጀመሪያ ፈጣሪውን አመሰገነ። በኋላ ዘንቢሉን ማየት ጀመረ።

አንድ ጠዋት ቄራ ውስጥ የበሬ ልብ አውጥቶ ያጥባል። ልቡ መዳፉ ላይ ይርገበገባል። «ሬዲዮ» የሚሉት ቆዳ ገፋፊ ሳቀ። «ምነው ጋሼ፣ በሬው መሞቱን አልነገርከውም እንዴ?»

ሬዲዮ ቢቀልድም ነገሩ እውነት ነው። ሕይወት ፎቅ በፎቅ የተሠራች ናት። ከታች ሕዋስ፣ ከሕዋሳት ሕብረ ሕዋስ፣ ከዚያ እንደ ልብና ኩላሊት ያለ የሰውነት ክፍል፣ ክፍሎቹ ተባብረው የሚሠሩት ሥርዓት፣ ከላይ ሙሉው ፍጡር። ሞት ሲመጣ ግን መብራቱ በሁሉም ፎቅ አንዴ አይጠፋም። ከላይ ይጀምራል፤ የታችኞቹ ወሬው እስኪደርሳቸው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ካላመናችሁ ቄራ ሂዱና ገና በተገፈፈ ሥጋ ላይ ጨው ነስንሱ። ሲንቀጠቀጥ በዓይናችሁ ታያላችሁ።

ሬዲዮ ግን ወሬው አላለቀበትም። «ጋሼ፣ እንዳትቆጣ እንጂ… ባለቤትህን ቅዳሜ ቅዳሜ ልብስ ሰፊው ጋ ስትገባ አያታለሁ።»

«ልብስ ልታሰፋ ነዋ!»

«ታዲያ ጨርቁ የታለ?»

«የትኛው ልብስ ሰፊ?» አለ አራጁ።

«ያ ከሲታው ነዋ። በዚህ ሙቀት እስከ አንገቱ ቆልፎ የሚውለው። ልጅ እግር ነው።»

አራጁ ማንቁርቱን ይዞ ከግድግዳው ጋር አላተመው። «ውሸት ከሆነ ምላስህን ነው የምቆርጠው!»

ማታ ቤት ገብቶ ጫማውን እንኳ አላወለቀም። «ቅዳሜ የት ነው የምትሄጂው?»

የያዘችው ሳህን ወደቀ። «የትም።»

በጥፊ አላት። በሕይወቱ መትቷት አያውቅም ነበር። «ልጄን ቀሙኝ። አንቺ ብቻ ነሽ የቀረሽኝ፤ አንቺን ግን ማንም አይቀማኝም! ተናገሪ!»

ከንፈሯን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «ብነግርህ ትገድለኛለህ።»

ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ይፈልጋል?

ቅዳሜ «ደክሞኛል» ብሎ ተኛ። ስትወጣ ተነሳ። የሥራ ቢላውን ሞረደው፤ በጋዜጣ ጠቅልሎ ኮቱ ውስጥ ከተተው፤ ተከተላት።

ልብስ ሰፊው ቤት አንድ ሲንጀር መኪና፣ አንድ ካውያ፣ የክር ማስቀመጫ ቆርቆሮ ውስጥ ከክሩ ጋር የተደባለቀ የኪኒን ክምር አለ። ሰው ግን የለም። ከመጋረጃው ጀርባ ድምፅ ይሰማል።

«እትዬ፣ ደንበኛ ይመጣል።»

«ትንሽ ብቻ። ትንሽ ልቆይ።»

መጋረጃውን ገለጠ። ወጣቱ ሸሚዙን ከፍቶ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሚስቱ ተንበርክካ ጭንቅላቷን ራቁት ደረቱ ላይ አስደግፋለች፤ ፀጉሯ ደረቱን ሸፍኖታል፤ ዓይኗ ተጨፍኗል። ፊቷ ላይ ያለው ፈገግታ ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ለእሱ ታይቶት አያውቅም።

«ጋሼ፣ ቆይ! ቆይ ላስረዳህ!» አለ ወጣቱ።

አራጁ ሚስቱን በፀጉሯ ጎትቶ ወረወራት። ካውያው ወደቀ፤ ወጣቱ ወንበሩን ይዞ ለመከላከል ሞከረ፤ ወንበሩ ተሰበረ። ከግድግዳው ጋር አጣበቀው። የት እንደሚወጋ አላሰበም። ዕድሜውን ሙሉ በዚያው መንገድ የሄደ እጅ ራሱ ያውቀዋል፤ ቢላው በጎድን አጥንቶቹ መሀል ገባ። ወጣቱ ግድግዳውን በደም እየቀባ ተንሸራተተ።

ሚስቱ አልጮኸችም። በዳዴ መጣች። ሁለት መዳፏን ቁስሉ ላይ ጫነች፤ ደሙ በጣቶቿ መሀል አመለጠ። ከአንገቱ ሥር እስከ ደረቱ ግርጌ የሚወርድ ረጅም የስፌት ጠባሳ ላይ ጆሮዋን ለጠፈች። ሰማች። እንደገና ሰማች።

«ለእሱ ታለቅሻለሽ?» አለ አራጁ እያለከለከ።

ቀና አለች።

«ልጃችንን ስቀብር ልቡን አልቀበርኩትም ነበር» አለችው፤ «እዚህ ደረት ውስጥ ነበር።»