የአባ ጥያቄ

«ጸጥ በል፤ ልጄ ልታስተምር ነው» ይላሉ ሼህ አብዱሰመድ ለጎረቤታቸው ለሚስባህ።

ልጃቸው ዘይነባ ሻንጣዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቀጥ ትላለች። ከወልድያ መርሳ፣ ከመርሳ አባቷ እስካሉበት እስከ ግራና ድረስ፣ መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ነው ስታጠና የመጣችው፦ «አባ፣ ከሥራ ወጣሁ።»

አባቷ ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ወዲህ መደብ ላይ ነው የሚውሉት። ጆሯቸውም ደከም ብሏል። ሚስባህ ስልኩን ከፍቶ ጉልበታቸው ላይ ያኖርላቸዋል። ከዚያ እንደወትሯቸው ሁለቱም መዳፋቸውን ይዘረጋሉ።

«ያ ረቢ፣ የልጄን አንደበት ፍታልኝ። እንጀራዋን አትቁረጥባት።»

«አሚን» ይላል ሚስባህ።

ዘይነባ ከንፈሯን ትነክሳለች። የምታስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ራሱን በገቢው ያስተዳድር ተባለና፣ ገበያ የለውም የተባለው የታሪክ ትምህርት ክፍል ተዘጋ። መዝጋቱ ሳያንስ አስቀድመው መምህራኑን ካሜራ ፊት አስቀምጠው ቀድተዋቸው ነበር። አሁን በዚያ ቅጂ የሰለጠነ ማሽን እሷ ያላለችውን ሁሉ በእሷ ድምፅ እያስተማረ ትምህርቱ በኢንተርኔት ይሸጣል። እሷን አሰናብተው ድምጿን አስቀሩት።

ስልኩ ውስጥ ያለችው ዘይነባ ግን ደህና ናት። አይደክማትም፤ አያስላትም። ትምህርቷን አጋምሳ ቆም ትላለች። «ጥያቄ ያለው አለ?»

አባቷ ወደ ስልኩ ጎንበስ ይላሉ። «እኔ አለኝ። ዘይኔ፣ ምሳ በላሽ?»

«በየቀኑ ይጠይቃሉ፤ መቼ መልሳ ታውቃለች?» ይላል ሚስባህ እየሳቀ።

«ያ ሁሉ ተማሪ ከቧት እንዴት ትመልስልኝ? ሲመቻት ትመልሳለች።»

ዘይነባ ያጠናችው ሁሉ ይጠፋባታል።

«አልበላሁም፣ አባ» ትላለች ሳታስበው።

ሚስባህ ዞር ይላል። እሷን ያያል፣ ሻንጣውን ያያል፣ ሳቁም ፊቱ ላይ ይደርቃል። ጣቷን ከንፈሯ ላይ ታደርጋለች።

«ሰማህ? መለሰችልኝ!» ሼህ አብዱሰመድ ስልኩን በሁለት እጃቸው አንስተው ወደ አፋቸው ያስጠጋሉ። «በይ እንግዲያ ልጆቹን አሰናብቺና ብዪ። ጦምሽን አታስተምሪ፣ እናቴ።»

«ጥያቄ ከሌለ እንቀጥላለን» ይላል ስልኩ።

«እምቢ አለች!» ይላሉ አባቷ፣ በኩራት እየሳቁ። «አየህ ሚስባህ፣ ሥራዋን እንዴት እንደምትወድ?»

ዘይነባ ሻንጣዋን ድምፅ እንዳያሰማ ቀስ አድርጋ መሬት ላይ ታስቀምጣለች።