ማንም የማይገፋት

ስሜነሽ ኳሷን እያነጠረች እታለማሁን አልፋ ወደ ቅርጫቱ ትገባለች። እታለማሁ ትለቃታለች። የዳንግላዋ እታለማሁ ሰው በደህና ለቃ አታውቅም፤ አምና በክርኗ የመታችኝ ጎኔ ብርድ ሲሆን እስካሁን ይጠዘጥዘኛል። ዛሬ ግን ሁለት እጇን ሰብስባ ዘወር ትላለች። ስሜነሽ ታስቆጥራለች።

"ፀደይ! ይቺ ልጅ ዛሬ ቆርባ ነው እንዴ የመጣችው?" ትለኛለች ወደ ኋላ እየሮጠች። ስትስቅ ድዷ ሁሉ ይታያል።

እኔም እስቃለሁ። ምን ላድርግ? አባቷ ሞተዋል። ሜዳው ላይ ያለን ሁሉ እናውቃለን፤ እሷ ብቻ አታውቅም።

የሰማነው በእረፍት ሰዓት ነው። ስሜነሽ ፊቷን ልትታጠብ ወደ ቧንቧው ስትሄድ አሰልጣኝ ቢሻው የቀረነውን የእንጅባራ ልጆች ወደ አጥሩ ጠራን። ወንድሟ ዘመኑ ከአዘና ደውሎለት ነበር። አባቷ ጋሼ ጎሹ ሌሊቱን አርፈዋል፤ ቀብራቸው ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ነው።

"መርዶ በስልክ አይነገርም ብሏል" አለን ቢሻው። "ነገ ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌ ይዞ እንጅባራ ቤቷ ይመጣል። እስከዚያ እንዳትሰማ።"

"ቀብሩስ?" አልኩት። "ከዚህ ከዳንግላ አዘና ሩቅ ነው፤ ግን አሁኑኑ ብንነሳ እኮ ለጥቂት እንደርሳለን።"

"ምን ብለን እናስነሳት?"

"አባትሽ ታመዋል እንበላታ።"

"አንቺ ደግሞ! ታመዋል የተባለ ሰው ሞቶ እንደሚገኝ የማያውቅ ማን አለ? መኪና ውስጥ ራሷን ብትጥል ማን ይይዛታል? ወንድሟ ያለውን እንፈጽም። ትጫወት።"

ቢሻው ክፉ ሰው አይደለም። ዋንጫው አሳስቦት ነው ብዬ አላማውም። ግን የዛሬው አሸናፊ ለክልሉ ሊግ ማጠቃለያ ባሕር ዳር ይሄዳል፤ ያለ ስሜነሽ ደግሞ እኛ ወንፊት ነን። ይህንንም ሁላችን እናውቃለን። ሆድ ይፍጀው ተባባልንና ወደ ሜዳ ተመለስን። ለዳንግላ ልጆች ማን እንደነገራቸው አላውቅም። የሰው ሞት መቼም የሚደበቀው ከሐዘንተኛው ብቻ ነው።

አሁን የመጨረሻው ሩብ ላይ ነን። ስሜነሽ ኳሷን ይዛ ሳታነጥር ትራመዳለች። ዳኛው ፊሽካውን እንደ ጎረሰ ዝም ይላል። ከእኛ ቀጥለው የሚጫወቱት ወንዶች ደረጃው ላይ ተደርድረዋል፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ስድባቸው አያስጫውትም ነበር። ዛሬ የእኛም የእነሱም ብድግ እያሉ ያጨበጭቡላታል። እኔ በልቤ "ኧረ በእናታችሁ፣ አንድ ሰው እንኳ ይግፋት!" እላለሁ።

እታለማሁ አጠገቤ ስትደርስ "ግፊያት እንጂ! እንዲህ ከሆንሽማ ትነቃለች" እላታለሁ።

"እጄ እምቢ አለኝ" ትለኛለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። አምና በክርኗ ስትመታኝ የረገምኳትን ሁሉ ይቅር እላታለሁ።

ስሜነሽ ሌላ ታስቆጥራለች። እጄን በእጇ መትታ "ዛሬ ማታማ ለአባዬ እደውላለሁ" ትላለች። "ስንት እንዳስቆጠርኩ ስነግረው ውሸትሽን ነው ይለኛል፣ አንቺ ትመሰክሪልኛለሽ።"

"እሺ" እላለሁ።

ኳሷ እንደገና ትደርሳታለች። ከቅርጫቱ ሥር ብቻዋን ናት። ትዘላለች ስንል አትዘልም። ኳሷን ደረቷ ላይ ይዛ ትቆማለች፤ የሚመጣ ሰው ትጠብቃለች። የሚመጣ የለም። ወደ እታለማሁ አንድ እርምጃ ትሄዳለች። እታለማሁ ወደ ኋላ ትላለች። ደግሞ ትጠጋታለች፤ ያቺ ደግሞ ትሸሻለች።

ያኔ ስሜነሽ ዞር ዞር ብላ ታየናለች። ያየችው ሁሉ አንገቱን ይደፋል። ዳኛውን ታያለች፤ ዳኛው ጫማውን ያያል። ሳቋ ከፊቷ ላይ ቀስ እያለ ይወርዳል። የኔ ዓይን ላይ ስትደርስ እኔም ልደፋ ነበር፤ አልቻልኩም።

"ፀደይ፣ ማን ነው?"

"ምኑ?"

"የሞተብኝ።"

ከኋላዬ እታለማሁ ድምፅ አውጥታ ታለቅሳለች።

"አባዬ ነው?"

ራሴን በአዎንታ እነቀንቃለሁ። ኳሷ ከእጇ ወድቃ ነጥራ ነጥራ ወደ ወንዶቹ ትሄዳለች። ማንም አያነሳትም።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቁት?"

"ከእረፍት ጀምሮ።"

"እየሳቅሁ ነበር እኮ" ትለኛለች። አትጮኽም። ብትጮኽ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። "እንደዚያ ስስቅ ዝም አላችሁኝ?"

ላቅፋት እጄን እዘረጋለሁ፤ በመዳፏ ደረቴን ገፋ ታደርገኛለች።

"ቀብሩ መቼ ነው?"

"ዛሬ" እላለሁ። "በዘጠኝ ሰዓት።"

"አሁን ስንት ሰዓት ነው?"

ስሜነሽ ወደ አሰልጣኝ ቢሻው ትዞራለች። ቢሻው የእጅ ሰዓቱን ያያል፤ ከዚያ የሹራቡን እጅጌ ሳብ አድርጎ ይሸፍነዋል።