ቀለም ሱቅ ውስጥ የገባው እንግሊዝኛ

ባለ ቀለም ሱቁ ሰውዬ ለልጁ የእንግሊዝኛ አስተማሪ የቀጠረላት ለጌጥ አልነበረም። ከውጭ የሚመጣው የቀለም ቆርቆሮ ጽሑፉ ሁሉ እንግሊዝኛ ነው፤ ሱቁን የምትረከበው ደግሞ ልጁ ናት። ሌላ ልጅ የለውም።

አስተማሪው ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት፣ ሚስት ሳያገባ የቆየ ሰው ነበር። ይህ ነገር ለባለ ሱቁ እንቅልፍ ነሳው። ያረጀ በሬ ለጋ ሣር ይወዳል ባይ ነው። ጠመኔ ይዞ የመጣ አማች ሱቁን ሲወርስ ታየው።

ስለዚህ እህቱን ጠባቂ አደረጋት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከእሱ ጋር ትኖራለች፤ ከሱቁ ጀርባ ባለው ክፍል ቀለም ትበጠብጣለች። ደንበኛ ከግድግዳው የተላጠ ቅርፊት ይዞ ይመጣል፤ እሷ አየት ታደርገውና ቁርጥ እሱን የመሰለ ቀለም ታወጣለታለች። ሌላ ማንም አይችልበትም። ደመወዝ የላትም። የራስ ሰው ደመወዝ አይጠይቅም ይላል ወንድሟ።

«ጋሼ፣ ፈረንጅኛ ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ሥራዬን ልሥራ» አለች።

«ትምህርቱ እዚያው መበጥበጫው ክፍል ይሁን። ሥራሽን ሥሪ፤ ዓይንሽን ግን ከነሱ እንዳትነቅዪ!»

እሱም አላስቻለውም፤ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሞ ያዳምጥ ጀመር።

«ክሊቭ» አለ አስተማሪው አንድ ቀን፣ «መሰንጠቅ ማለት ነው። ደግሞም መጣበቅ ማለት ነው።»

ባለ ሱቁ መደበቁን ረሳ። «ሰንጥቆ የሚያጣብቅ? ምን ዓይነት ሙጫ ነው ደግሞ?»

«ጋሼ፣ ጥንት ሁለት የማይዛመዱ ቃላት ነበሩ። ዘመን ድምፃቸውን እያሸው ሄደና ተመሳሰሉ።»

«እንደ ባልና ሚስት በላቸዋ» አለች እህቱ፣ ከምታጥበው ብሩሽ ቀና ሳትል።

አስተማሪው እስኪያስለው ሳቀ። ልጅቱም ሳቀች። ባለ ሱቁ የልጁን ሳቅ ልብ አለ።

«ፋስትስ?» አለች ልጅቱ።

«መጀመሪያ የጠበቀ፣ የማይነቃነቅ ማለት ነበር። ቀጥሎ አጥብቆ የሚሮጠውን፣ በኃይል የሚሮጠውን ፋስት አሉት። ሲቆይ ኃይሉ ተረሳና ፍጥነቱ ብቻ ቀረ። ዛሬ የታሰረውም ፋስት ነው፣ የሚሮጠውም ፋስት ነው።»

«ታስሮ የሚሮጥ እኔ የማውቀው ፍየል ብቻ ነው» አለ ባለ ሱቁ።

አስተማሪው ሲሄድ እህቱን ጠራት። «ምን አየሽ?»

«ልጅቱ መጽሐፏን ታያለች።»

«እሱስ?»

«ቀና ብሎ እንኳ አያያትም።»

«አየሽ ተንኮሉን! ንጹሕ ሰው እኮ ቀና ብሎ ያያል!»

ትምህርቱ እየረዘመ ሄደ። የአንድ ሰዓቱ ሁለት ሰዓት ሆነ፤ አስተማሪው ለትርፉ ክፍያ አልጠየቀም። ባለ ሱቁ በዕድሜው በነፃ ነገር የሰጠው ሰው ስለሌለ ጥርጣሬው ወደ እርግጠኝነት ተለወጠ።

«አባዬ፣ ያንኑ ይደጋግመዋል እኮ» ብላ ልጅቱ አማረረች። «ደግሞ ይጮሃል፤ ጆሮዬ የተደፈነ ይመስል።»

«ሞኝሽን ፈልጊ! የጠላሽው ለማስመሰል ነው።»

ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አስተማሪው ሲወጣ ባለ ሱቁ ኮሌታው ላይ አረንጓዴ ቀለም አየ።

«ይኼ ከየት መጣ?»

«ጠረጴዛው ነክቶኝ ይሆናል፣ ጋሼ።»

«በኮሌታህ ነው እንዴ የምትጽፈው? ሁለተኛ እዚህ ደጅ እንዳላይህ!»

አስተማሪው ወደ መበጥበጫው ክፍል አንዴ ዞር ብሎ አየና ሄደ።

«ፈተናዬስ?» አለች ልጅቱ እንባዋ እየወረደ።

«ፍቅር ራሱ ፈተና ነው» አለና ክፍሏ አስገብቶ ቆለፈባት። ቁልፉን ኪሱ ከተተ። እህቱን ደግሞ በሩ ሥር ፍራሽ አስነጠፋት። «ኮሽ ካለ ቀስቅሺኝ።»

«እሺ ጋሼ። አንተ አታስብ፣ ተኛ።»

ጠዋት ፍራሹ ተጣጥፎ አገኘው። እህቱ እንደ ልማዷ ቀድማ ሥራ ገብታለች አለ በልቡ። በሩን ከፈተ። ልጁ አፏን ከፍታ ተኝታለች። ደረቱ ተነፋ፤ እያፏጨ ወርዶ ሱቁን ከፈተ።

የመጀመሪያው ደንበኛ የግድግዳ ቅርፊት ባንኮኒው ላይ አስቀመጠለት። «ዛሬ እንግዲህ አንተው በጥብጥልኝ።»

«እኔ ምኑን አውቄው? ቆይ እህቴን ልጥራልህ።»

«እሷንማ አሁን አውቶቡስ ስትሳፈር አገኘኋት» አለ ደንበኛው፤ «ሻንጣዋን አስተማሪው ይዞላት ነበር።»